የገደፋው ጀሪካን

ባሌ ገደፋው ልኩን የሚያውቅ ሰው አይደለም። ለቅሶ ሲሄድ ከሟቹ ወንድም በላይ ደረቱን ይመታል፤ ሠርግ ሲጠራ ሙሽራው እስኪያፍር ይጨፍራል። በዚያ በደርግ ጊዜ ታዲያ ኮሶ ታየውና አንድ መድኃኒት አዋቂ ሥር ቀጥቅጦ ሰጠው። ግማሽ ሽክና ጠጣ ቢለው ሁለት ሽክና ገለበጠ። ኮሶውም ሞተ፣ ኩላሊቱም ተከትሎት ሊሄድ ደረሰ። ሽንቱ ጥርቅም ብሎ ቆመ፣ ፊቱ አብጦ ዓይኑ ጠፋ። አዲስ አበባ ወስደው ደም በሚያጥብ መኪና ላይ እያስተኙ አተረፉልኝ።

ሲመለስ ኩላሊቱ ገና በደንብ አልነቃም ነበር። ጨው እንዳይበላ፣ ውሃም በልክ እንዲጠጣ ነግረው ላኩት። ልክ የሚለውን ነገር ለገደፋው መንገር እንግዲህ የእነሱ ድፍረት ነው። እኔ ግን ቤት ውስጥ ጥበቃ ቆምሁበትና ክረምቱ እስኪገባ በደኅና ቆየን።

ሐምሌ ላይ ዶክተር ዙፋን የምትባል ሐኪም ከአዲስ አበባ ፍኖተ ሰላም መጣች። በዚያ መኪና ደማቸው የታጠበላቸውን ሰዎች በየአገራቸው እየፈለገች ነበር። አንዳንዱ ለምን መልሶ እንደሚያብጥ፣ የሌላው ግፊት ለምን እንደሚወጣ፣ መርፌ የገባበት ቦታ ለምን እንደሚመግል ታጠናለች። እኛን ያለንበት ድረስ ሰው ልካ አስጠራችን። ቀጭን፣ ገና ልጅ እግር ናት፤ ገደፋውን ግን አንቱ እያለች፣ በሁለት እጇ ጨብጣ ተቀበለችው። ከዚያ አንድ ቢጫ ጀሪካን ሰጠችው።

«ጋሼ ገደፋው፣ እሑድ ጧት ጀምረው እስከ ሰኞ ጧት የሚሸኑትን ሁሉ በዚህ ያጠራቅሙልኝ። አንዲት ጠብታ እንዳትጎድል» አለችው።

እሷ በቅን ልቧ ነው የተናገረችው። እኛ አገር ግን አትጎድል የሚባል ነገር ቀላል አይደለም። በገበሬ ማኅበራችን አንድ ሰው የኮታ እህሉ ሲጎድል ጎረቤቱ ከየጎታው እየዘገነ ጆንያውን ይሞላለታል። ካልተሞላ ሰውየው ይታሰራል፣ ማኅበሩም በየስብሰባው ይሰደባል። ወንዶቻችን ይህን ሲያደርጉ ስለኖሩ፣ መንግሥት የሰጠው ባዶ ዕቃ ሁሉ ሞልቶ ካልተመለሰ ሰማይ የሚደፋባቸው ይመስላቸዋል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ገደፋው ጀሪካኑን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው። ያጠራቀመው የቡና ስኒ አይሞላም ነበር።

«ተናኜ፣ ይህችን ይዤ ነው ሴት ፊት የምቀርብ?» አለኝ።

«የጠየቀችህ እኮ እሷኑ ነው» አልሁት።

ይህን ስንባባል የማኅበሩ ሊቀ መንበር ቸኮለ ከሰንበቴ የወጡትን ወንዶች አስከትሎ ሊጠይቀው ገባ። ሁሉም ጠላ ጠጥተው ፊታቸው ያብረቀርቃል። ቸኮለ ጀሪካኑን ሲያይ ደነገጠ።

«ይኸ የመንግሥት ዕቃ አይደለም እንዴ? ባዶውን ሊመለስ ነው?»

«ምን ላድርግ፣ አልመጣ አለኝ» አለ ገደፋው አንገቱን ደፍቶ።

«ኧረ ጎበዝ! ጎረቤት ለመቼ ነው? እህል ስንሞላ ኑረን ሽንት ያቅተናል?»

ከሰንበቴ የወጣ ወንድ ሌላ ነገር ቢጎድለው ይኸ አይጎድለውም። ከቤታችን ጓሮ፣ ከጌሾው አጠገብ ተሰልፈው ጀሪካኑን ይቀባበሉት ጀመር። ቄስ ገብረሰንበት ብቻ «እኔ ካህን ነኝ፣ እንዲህ ባለው ነገር አልገባም» ብለው ወደ ባሕር ዛፉ ሥር ዞር አሉ። ጀሪካኑም አብሯቸው ዞር አለ። እኔ ጮኽሁ፣ ተሳደብሁ። ወላጆቼ አገው ናቸውና በጣም ስናደድ ስድቡ የሚመጣልኝ በአገውኛ ነው፤ ስለዚህ ማንም ሳይገባው ሁሉም ሳቀብኝ። ጀሪካኑ እስከ አንገቱ ሞልቶ ተከደነ። እኔ እንዳይፈስ ብዬ አፉን በቀይ ጨርቅ አሰርሁት፤ ምን ላድርግ፣ አውቶቡስ ላይ ከእኔ ጋር ነው የሚሳፈረው።

ሰኞ ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ቸኮለ ጀሪካኑን እንደ ታቦት በክብር ተሸክሞ ፊት ፊት ገባ። ዶክተር ዙፋን አየችና ከወንበሯ ተነሣች።

«ነቃ! ኩላሊቱ ነቃ! ሲነቃ እንዲህ ነው፣ መጀመሪያ ዝም ብሎ ያፈሳል» አለች፣ ደስታዋ እንደ ሕፃን ነው። «አሁን የሚያሰጋን ውሃ እንዳያንስዎ ነው። ይጠጡ፣ ጨውም አይከልከሉ። ዛሬ የምወስደው ደም ውጤቱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ እንዲህ ይቆዩ።»

«እትዬ ዶክተር፣ ይኸ ሽንት...» ብዬ ስጀምር ገደፋው እግሬን ረገጠኝ። እግሩ አብጦ ስለነበር ረገጣው ክፉኛ ከበደኝ። ቸኮለም በላዬ ላይ «ማኅበራችን ምንጊዜም ግዳጁን ይወጣል፣ ጓድ ዶክተር!» ብሎ ጮኸ። እሷ እግሩን አይታ ምነው አለች፤ ገደፋው ጫማው ጠቦት ነው ብሎ ዋሸ። የዚያን ጊዜ ሦስቱንም በአንድ ዱላ ብመታቸው ደስ ባለኝ።

ከዚያ ባሌ መጠጣት ጀመረ። ሐኪም ፈቅዳለታለች፣ ማን ይከልክለው! ውሃ ይጠጣል፣ ጠላ ይጠጣል፣ ሽሮው ላይ ጨው ይነሰንሳል። እኔ ሽክናውን ስነጥቀው «ከዶክተሯ አንቺ ልትበልጭ ነው?» ይለኛል። ሳምንቱ ሳያልቅ እግሩ ይበልጥ አበጠ፤ ሆዱም ተነፍቶ ጎንበስ ማለት አቃተው። ጋደም ሲል ትንፋሹ ያጥረውና ቁጭ ብሎ ያድራል። ደረቱ ውስጥ ድስት የሚፈላ ይመስላል። ፈራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ቸኮለን አስጠርቼ እውነቱ ይነገር አልሁ።

«አሻጥር ነው የሚሉን፣ ተናኜ! የመንግሥትን ጥናት አበላሻችሁ ብለው አገሩን በሙሉ ያስሩታል» አለ፣ ከንፈሩ ደርቆ።

ገደፋው ቁና ቁና እየተነፈሰ «በሰው ሽንት ሞላ ከምባል ልሙት» አለኝ።

«ሙት እንግዲያ! መቃብርህንም ጎረቤት ይሞላልሃል» አልሁት። ወጥቼ ከበሩ ኋላ አለቀስሁ።

ንጋት ላይ ጡት የምትጠባ ልጄን አዝዬ ማንንም ሳልሰናበት ቡሬ ወጣሁ፤ በመጀመሪያው አውቶቡስም ፍኖተ ሰላም ደረስሁ። ዶክተር ዙፋን ዕቃዋን ላንድሮቨሯ ላይ እየጫነች ነበር፤ ጥቂት ብዘገይ ደምበጫን አልፋ ወደ አዲስ አበባ ሄዳ ነበር። ቆሜ ሁሉንም ነገርኋት። ኮታውን፣ ሰንበቴውን፣ ሰልፉን፣ ቄሱን ሳይቀር።

መጀመሪያ ሳቀች። መኪናው ላይ ተደግፋ፣ እንባዋ እስኪወርድ። ከዚያ ሳቋን ድንገት ቆረጠች።

«የራሳቸው ስንት ነበር?»

«የቡና ስኒ አይሞላም።»

«ጠጡ ያልኋቸው እኔ ነኝ» አለች። ፊቷ አመድ መሰለ። «ግቢ፣ መኪና ውስጥ ግቢ!»

መንደራችን ስንደርስ አንድም ወንድ አይታይም። የመንግሥት መኪና ድምፅ ሰምተው ሁሉም በቆሎው ውስጥ ገብተዋል። ዶክተሯ የገደፋውን ደረት አዳመጠች። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አላይሽም አለ። እሷ መደቡ ላይ አጠገቡ ቁጭ አለች።

«ጋሼ ገደፋው፣ እኔ ከአዲስ አበባ የመጣሁት የጎደለውን ለማየት ነው። ደኅና ኩላሊትማ እኔም አለኝ» አለችው።

ባሌ ግድግዳውን እያየ አለቀሰ። ያ ከሟቹ ወንድም በላይ ጮኾ የሚያለቅስ ሰው፣ ድምፅ ሳያሰማ።

አዲስ አበባ ልትወስደው ነውና ደግፈን መኪናው ላይ አወጣነው። መኪናው ግን ገና ከደጃችን ሳይርቅ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ተቀረቀረ። ጎማው ይሽከረከራል፣ ገደፋው ውስጥ ሆኖ ያጣጥራል። ወደ በቆሎው ዞሬ በዚያች በአገውኛዬ ጮኽሁ። ያን ቀን ሁሉም ገባቸው። ቸኮለ አንደኛ ወጣ፣ ቄስ ገብረሰንበት ጥምጥማቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ተከተሉ፣ ሌሎቹም ተግተልትለው መጡ። ቸኮለ ለዶክተሯ ሁለት እጁን ዘረጋላት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እኔን እሰሩኝ።»

«መጀመሪያ ግፋ!» አለችው።

ገፉ። ጭቃ እስከ ቅንድባቸው ለብሰው ገፉ። መኪናው ሲወጣ እኔ ሮጬ፣ ያን ጊዜ ለክታ ባዶውን የመለሰችልንን ቢጫ ጀሪካን ከነቀይ ጨርቁ በመስኮት ወረወርሁላት። «ከእንግዲህ የራሱን ብቻ!» አልኋት። ልጄን የንጋቱ ብርድ አሟት ስለነበር አብሬ አልሄድሁም።

ከዚያ ወሬ ጠፋ። ነሐሴ አለቀ፣ ምንም የለም። ወንዶቹ ሳልጠይቃቸው የገደፋውን ማሳ አረሙ። ቸኮለ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። እኔም ባሌ ሞቶ ቢሆንስ እያልሁ፣ ከቡሬ ገበያ የሚመለስ ሰው ባየሁ ቁጥር ፊቱን እመረምር ነበር።

ለመስቀል ጥቂት ሲቀረው የአውቶቡስ ረዳቱ፣ ንብረት የሚባለው ሰውዬ፣ ከቡሬ በእግሩ መጣ። እጁ ላይ ያ ቢጫ ጀሪካን አለ። ቀዩ ጨርቄ አፉ ላይ እንደታሰረ ነው። የሞተ ሰው ዕቃ ነው እንዲህ ከሩቅ የሚመለስ። እደጄ ላይ ቁጭ ብዬ ጮኽሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን እያዘቀዘቀ እየሮጠ መጣ፤ ቸኮለ ገና ከሩቁ «ወንድሜን!» እያለ ደረቱን ይመታል።

ንብረት ግራ ገባው። «ኧረ እትዬ፣ ምን ሆናችኋል? ሰውየው እኮ ራሱ ነው አውቶቡስ ተራ ድረስ መጥቶ የሰጠኝ! አንድ ቀን ሙሉ ያጠራቀምሁት ነው፣ አፉን ሳትከፍት አድርስልኝ አለ። የራሴ ብቻ ነው፣ ማንም አልጨመረበትም፣ ቸኮለ ምስክር ይሁን ብሏል በላት ብሎኛል። እሱም ለመስቀል ይመጣል።»

ጀሪካኑን አነሣሁት። ከበደኝ። ቸኮለ ከእጄ ተቀብሎ ፈታውና አሸተተው። ፊቱ እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም።

«የራሱ ነው!» አለ፣ በምን እንዳወቀው እንጃ።

እኔ እልል አልሁ። ሴቶቹ ተቀበሉኝ። ቄስ ገብረሰንበት አንድ ጊዜ ወደ ጀሪካኑ፣ አንድ ጊዜ ወደ ሰማይ አይተው አማተቡ። ያን ሁሉ የባሌን ሽንት ወስጄ ጌሾዬ ሥር አፈሰስሁት። በሳምንቱ ጌሾው ደረቀ። ይድረቅ፣ ጌሾ ይተከላል።