የአርባ ሰባተኛው ረድፍ ባለቤት

የመንግሥት ዕቅድ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው ዕቅድ ማለት ትልቅ ሐሳብ ይመስለዋል። የለም፣ ዕቅድ ሠንጠረዥ ነው። ረድፍ አለው፣ ዐምድ አለው፣ ከዐምዶቹ ሁሉ የሚፈራው ደግሞ የመጨረሻው ነው፤ «ፈጻሚ አካል» ይላል። እዚያች ሳጥን ውስጥ ስሙ የገባ መሥሪያ ቤት ከአምስት ዓመት በኋላ «የታለ ሥራህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ስለዚህ ማንም ወዶና ፈቅዶ አይገባባትም።

አገሪቱ ለዓለም የምታቀርበውን የአየር ንብረት ዕቅድ ሠንጠረዥ የያዘችው ባለሙያ ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ስድስት ወር ሙሉ ከቢሮ ቢሮ እየዞረች፣ ደጅ እየጠናች፣ ከሰማንያ ሁለት ረድፍ ሰማንያ አንዱን ሞልታለች። መብራቱ ባለቤት አገኘ። መንገዱም፣ ደኑም፣ አውቶቡሱም አገኙ። ሌላው ቀርቶ ላም ስታመሰኳ ከሆዷ የሚወጣው ጋዝ እንኳ ሁለት መሥሪያ ቤት ተሻምቶበታል። የቀረችው አንዲት ረድፍ ናት፤ አርባ ሰባተኛዋ። «ከአጨዳ በኋላ የሚበላሸውን እህል መቀነስ፤ ለገበሬው የማድረቂያ ቦታና የቤት ጎተራ ማቅረብ» ትላለች።

ለግብርና ወሰደችው። የግብርናው ተወካይ ጎልማሳ ሰው ነው፤ ቢሮዎቹ ሁሉ በሌለበት «አይመለከተንም» እያሉ ነው የሚጠሩት፣ ያወጣለት ራሱ አንደበቱ ነው። «እህሉ ማሳ ላይ እስካለ የኛ ነው» አላት፣ «ታጭዶ ከወጣ ግን አይመለከተንም።» ንግድ ደግሞ ገበያ ካልደረሰ እህሉን አላውቀውም አለ። ጤና ጥበቃ ሰው በልቶት እስኪታመም እጠብቃለሁ ለማለት ምንም አልቀረው። ምግብ ከማሳ ወጥቶ አፍ እስኪገባ ድረስ በመንግሥት ዘንድ የሙት ልጅ ነው ማለት ነው።

ሠንጠረዡን የሚቀበለው ፕሮግራም ደግሞ ርኅራኄ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ባዶ ሳጥን ያየበትን ረድፍ ሳይጠይቅ ይጥለዋል። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፋይሉ ይላካል፣ አራት ሰዓት ላይ ስብሰባ ይቀመጣል፤ ያኔ አርባ ሰባተኛዋ ረድፍ አበቃላት።

ሌላዋ ብትሆን «ከሰማንያ ሁለት አንዷ ብትወድቅ ምን ይመጣል?» ብላ ትተኛ ነበር። ለእሷ ግን አርባ ሰባተኛዋ ረድፍ አባቷ ናት።

አባቷ ሠላሳ ዓመት የእህል መጋዘን ኃላፊ ነበር። መሣሪያው ክንዱ ነው። ጠዋት ጠዋት እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን እስከ ክርኑ ጆንያ ውስጥ ይከትና ዓይኑን ይጨፍናል። «እህልም ሲታመም ትኩሳት አለው» ይል ነበር፣ «ሽታው ከመምጣቱ ሦስት ቀን በፊት ክንድ ያውቃል።» ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ፀሐይ በሚጠበቅበት የአጨዳ ወር ሰማዩ ተቀደደ። እህሉ እንደረጠበ መጋዘን ገባ። አባቷ የሚያሰጣበት ሸራ እንዲሰጡት ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጻፈ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት። ብቻውን በአካፋ እያገላበጠ፣ ጆንያ ላይ እየተኛ ሰነበተ። ከአራት ጆንያ አንዱ በሰበሰ። ከዚያ መርማሪዎች መጥተው ቅጽ ሞሉ። ቅጹ ላይ «ምክንያት» የሚል ዐምድ ነበረና «የኃላፊው የጥንቃቄ ጉድለት» ብለው ጻፉበት። የዚያን ወረቀት ግልባጭ እስከ ዛሬ መሳቢያው ውስጥ፣ ከሸሚዞቹ ሥር አጥፎ አስቀምጦታል።

ከዚያ ወዲህ ምግብ ሲቀርብ ሁለት ሦስት ጊዜ ጎርሶ «ጠገብኩ» ይላል። ስትለምነው ይቆጣል። «ያንተ ጥፋት አልነበረም እኮ አባዬ» ስትለው «አንቺ ልጄ ስለሆንሽ ነው እንደዚያ የምትዪኝ» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። እውነቱን ነው፤ ልጅ ለአባቷ ብትመሰክር ማን ይሰማታል? ስለ አገር ምግብ ዕቅድ እጽፋለሁ ብላ ስትሮጥ እየዋለች፣ አባቷ ቤት ውስጥ በቁራሽ ዳቦ መዋሉ አንጀቷን ይበላዋል።

በዋዜማው አመሻሹ ላይ ላፕቶፗን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። አባቷ ከፊት ለፊቷ ምስር ይለቅማል። የታሸገና የተበጠረ ምስር ነው፣ ድንጋይ ከየት ይመጣል? እሱ ግን ፍሬ በፍሬ ካላየ አያምንም።

«ዛሬም ባለቤት አልተገኘላትም?» አላት ቀና ሳይል።

«አልተገኘም። ነገ ትወድቃለች።»

«እንግዲያው እኔን ጻፊኛ። እኔ እንደሆን ሥራ ፈት ነኝ።»

ሳቀችና ሳጥኗ ውስጥ «አባዬ» ብላ ጻፈች። ላፕቶፑን አዞረችለት። መነጽሩን አድርጎ በጣቱ እየተከተለ አነበበ፤ «ፈጻሚ አካል፦ አባዬ»። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ ካየችው ስንት ዓመቷ!

«ቢሮ ይሰጡኝ ይሆን?»

«ቢሮ ብቻ? ሹፌር ከነመኪናው ነው እንጂ!»

በዚህ መሐል ምድጃው ላይ የጣደችው ድስት ገነፈለ። ተነሥታ ሮጠች፣ ጨርቅ ፈለገች፣ ጣቷን ተቃጠለች፣ ምድጃውን ጠረገች። ስትመለስ ላፕቶፑን ዘጋችው። ሳጥኗን ግን ረሳቻት።

በማግስቱ ለአይመለከተንም አራት ጊዜ ደወለች፤ ስልኩ አይነሣም። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ልቧ እያዘነ ፋይሉን ላከችው። ፕሮግራሙ አንድም ቀይ መስመር ሳያሳይ ዋጥ አደረገው። ረድፏን ጥሏት ነው ብላ፣ ዳግመኛ ለማየት እንኳ አንጀቷ ስላልቻለ ዘግታው ወደ አዳራሹ ሄደች።

ሰብሳቢዋ ጠና ያሉ፣ ሲናገሩ የማያንዛዙ ሴት ናቸው። ረድፍ መቁረጥ ስለሚወዱ በጓሮ «መቀስ» ይባላሉ። ሠላሳ ያህል ሰው ከየመሥሪያ ቤቱ መጥቶ የውኃ ጠርሙሱን ከፊቱ አድርጎ ተደርድሯል። ረድፎቹ ግድግዳው ላይ አንድ በአንድ ያልፋሉ። አርባ አምስት አለፈ። አርባ ስድስት አለፈ። ከዚያ አርባ ሰባት፣ ከነሙሉ ክብሯ፣ ክንድ በሚያህል ፊደል ብቅ አለች።

ባለሙያዋ ክው አለች።

«ፈጻሚ አካል፣ አባዬ» ብሎ አነበበ አይመለከተንም ጮክ አድርጎ። «ይሄ ደግሞ መቼ የተቋቋመ መሥሪያ ቤት ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ምድር ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። መቀስ ብቻ አልሳቁም።

«ሠንጠረዡን የሞላሽው አንቺ ነሽ አይደል? አባዬ ማን ናቸው?»

«የእጅ ስሕተት ነው» ብትል ይበቃት ነበር። ረድፏ ትሰረዛለች፣ ስብሰባው ወደ አርባ ስምንት ይሄዳል፣ እሷም ከኀፍረቷ ትገላገላለች። ቃሉ አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ትናንት ምስሩ ላይ ያንጠባጠበው የሳቅ እንባ ታያትና መለሰችው።

«አባቴ ናቸው» አለች ብድግ ብላ። «ሠላሳ ዓመት የእህል መጋዘን ኃላፊ ነበሩ። ሳጥኗን የሞላሁት እሳቸውን ለማሳቅ ብዬ ነው፣ ሳላጠፋው ቀረሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ረድፏ ግን ቀልድ አይደለችም። ይሄ እህል ተዘርቷል፣ ማዳበሪያ ፈስሶበታል፣ ውኃ ተስቦለታል፣ በመኪና ተጭኗል። እስካሁን ያለፍናቸው አርባ ስድስት ረድፎች በሙሉ ያረፉት እሱ ላይ ነው። ሊበላ ሲል ሲበሰብስ፣ ሲመረት የወጣው ጭስ የኛ፣ ረኀቡም የኛ ነው፤ ጥፋቱ ግን የማንም አይደለም እንላለን።»

«አባትሽ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» አሉ መቀስ።

ክንዷን አነሣችና እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበች። ጆንያው ውስጥ እንዴት እንደሚከቱት፣ ዓይናቸውን እንዴት እንደሚጨፍኑ፣ ስለ እህል ትኩሳት የሚሉትን ሁሉ አሳየቻቸው። ሳቁ ጠፋ።

«ጥሩ» አሉ መቀስ። «ግን አባትሽን መጻፍ አንችልም። ባለቤት ካላት ትቆያለች፣ ከሌላት እቆርጣታለሁ። ማን ይወስዳታል?»

ሠላሳው ሰው የየራሱን የውኃ ጠርሙስ መመርመር ጀመረ። የጠርሙስ ጽሑፍ እንደዚያ ቀን ተነቦ አያውቅም።

«እስከ ክርን ነው እንዴ የሚከቱት?» አለ ድንገት አይመለከተንም።

«እስከ ክርን ነው።»

«እናቴ እስከ ትከሻዋ ነበር። ጎተራችን ትልቅ ነበራ።» መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ትኩስ ነው ያለች ቀን ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። ትምህርት ቤት ቀርተን እህል ስናሰጣ ነበር የምንውለው።» ከዚያ፣ ከጉሮሮው አጥንት እንደሚያወጣ ሰው እየታገለ፣ «ጻፊው» አለ። «ይመለከተናል።»

«ድገመው» አሉ መቀስ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብለው፣ «ቃለ ጉባኤ ያዡ ጆሮውን አላመነም።»

ተጨበጨበ። እሱም ማፈሩን ለመደበቅ ወዲያው ሥራ ጀመረ። «ግን ይሄ 'ምክንያት' የሚለው ዐምድ ምንድነው? 'ልዩ ልዩ ችግሮች' ይላል። እጅ እግር የሌለው ነገር ነው።»

ልክ ነው። ያቺን ሳጥን ዐሥር ጊዜ ጽፋ ዐሥር ጊዜ አጥፍታታለች። እውነቱን በጻፈችው ቁጥር ልጅ ለአባቷ ጥብቅና የቆመች እየመሰለባት፣ በመጨረሻ «ልዩ ልዩ ችግሮች» ብላ ሸሽታለች።

«እኔ ልበልሽ» አለ። «በአጨዳ ወቅት ያለጊዜው የሚጥል ዝናብ፤ የማድረቂያና የማከማቻ ቦታ አለመኖር። አራት ነጥብ። ተቃውሞ ያለው?»

ተቃውሞ ያለው ሰው አልነበረም። ስትጽፍ «ዝናብ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ሳተችው።

የዚያን ቀን በምሳ ሰዓት ቤቷ ሄደች። በሥራ ቀን ለምሳ ቤቷ ሄዳ አታውቅም ነበርና አባቷ በሩን ሲከፍት ደነገጠ።

«ምን ሆንሽ? ታመምሽ?»

«ደኅና ነኝ። ተቀመጥ እስቲ።»

ከቦርሳዋ አንድ ገጽ ወረቀት አውጥታ ሰጠችው። መነጽሩን ፈልጎ አደረገ፤ በጣቱ እየተከተለ እስከ መጨረሻው ዐምድ ሄደ።

«ሹመቴን ነጠቁኝ በያ!»

«ነጠቁህ። ግብርና ገባበት።»

«ይገባዋል» አለና ሳቀ። ጣቱ ተመልሶ ወደ መሐል ሄደ፣ ምክንያት የሚለው ላይ ቆመ። ሳቁም አብሮ ቆመ። ደጋግሞ አነበበው።

«ይሄን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?» አላት ቀስ ብሎ።

«ጣቱ የኔ ነው እንጂ ቃሉ የኔ አይደለም። የግብርናው ሰውዬ ነው ያለው። ሠላሳ ሰው ሰምቶ አጸደቀው።»

«ሰውዬው ያውቀኛል?»

«አያውቅህም።»

«የነገርሽው ነገር አለ? ስለዚያ ዓመት?»

«ስለዚያ ዓመት ከአፌ አንዲት ቃል አልወጣችም፣ አባዬ ሙት።»

ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። «ዝናብ ይላል።»

«ዝናብ ይላል።»

«ኃላፊው አይልም።»

«አይልም አባዬ።»

ተነሥቶ ወደ መኝታ ክፍሉ ገባ። መሳቢያው ሲንሸራተት ሰማችው። ያንን የድሮ ወረቀት ይዞ ወጣ፤ ማጠፊያው ላይ ሊበጠስ ደርሷል። ይቀደዋል ብላ ጠበቀች። አልቀደደውም። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አዲሱን ከላዩ ላይ ደረበበት፣ ጠርዛቸውን በመዳፉ አስተካክሎ ሁለቱን አንድ ላይ አጠፋቸው።

«እላዩ ላይ ይሁን» አለ። «ስከፍተው መጀመሪያ ይሄን እንዳየው።»

ልቅሶዋ መጣባትና ምሳ አቀርባለሁ ብላ ወደ ምድጃው ዞረች። የትናንቱን ምስር አሞቀች፣ ዳቦ ቆረሰች፣ የግብርናው ሰውዬ እናት ጎተራው ውስጥ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ትከት እንደነበር እየነገረችው ሳህኑን ከፊቱ አኖረችለት። እንደ ልማዱ ሁለት ሦስት ጊዜ ጎረሰ። እሷም እንደ ልማዷ «ጠገብኩ» እስኪላት ጠበቀች። እሱ ግን መስኮቱን እያየ፣ ስለ ሰውዬው እናት ጎተራ እየጠየቃት፣ እስከ ትከሻ መክተት ልክ ነው ወይስ አይደለም እያለ እየተከራከረ፣ ሳያውቀው ሳህኑን ጠረገው። ባዶውን አየና ትንሽ ግራ ተጋባ። ከዚያ ሳህኑን በሁለት እጁ አንሥቶ ዘረጋላት።

«ካለ ጨምሪልኝ እስቲ፣ ልጄ» አላት።