አንገቱ አርባ ሰባት የሆነ ምድጃ

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ የሚያወርደው ሲተኛ ብቻ ነው፤ አንዳንድ ቀን እሱንም ይረሳዋል። ሰፈርተኛው «ጋሼ ሜትር» የሚል ስም ካወጣለት ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዐይኑ ራሱ ሜትር ነው ይሉታል። ደንበኛ ገና በሩን አልፎ ሰላም ሳይለው፣ ወገቡ ላይ ስንት ጣት እንደጨመረ ወይም ስንት ጣት እንደቀነሰ አውቆ ይጨርሳል። ማወቁስ ባልከፋ፤ አፉ አያርፍለትም እንጂ። «አንተ ሰውዬ፣ ምን በላህ?» ብሎ ይጀምርና ደንበኛውን ያስቀይማል። በዚህ የተነሳ ጨርቃቸውን ይዘው ወደ ሌላ ሰፊ የሄዱ አሉ።

እንዲህ ያለ ሰው ምድጃ ሊገዛ ወጥቶ መግቢያ መውጫው ይጠፋዋል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ነገሩ የመጣው ከሆስፒታል ነው። ታላቅ እህቱ ሳንባዋን ታማ ከተኛች ሁለት ወር ሊሞላት ነበር። መርፌ ያስያዘችው፣ ክር ያሰካችው፣ ሰው እንዴት እንደሚለካ ያስተማረችው እሷ ናት። አግብታ ሄዳ ነበር፤ ባሏ ሲሞትባት ልጇን አዝላ ወደ ወላጆቻቸው ቤት ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በሁለት የስፌት መኪና፣ በአንድ መቀስ እየተጣሉ ኖሩ። ሆስፒታል ሊጠይቃት በሄደ ቁጥር ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ ነው የሚያገኛት። «በርዶሽ ነው እታለም?» ሲላት «አዎ፣ እዚህ ቤት ይበርዳል» ትለዋለች። ክፍሉ ግን አይበርድም፤ ነርሶቹ በአጭር እጅጌ ነበር የሚዞሩት።

ሰኞ ዕለት የእህቱ ልጅ ደወለችለት። ባንክ የምትሠራ፣ የአራት ሰዓት መንገድ ርቃ በፎቅ ላይ የምትኖር፣ ነገርን እንደ ገንዘብ ቆጥራ የምታስረክብ ልጅ ናት።

«አጎቴ፣ ዓርብ ትወጣለች። ሐኪሙ ከሰል የሚባል ነገር አጠገቧ እንዳይደርስ ብሏል። ቤቱ ደረቅና ሙቅ መሆን አለበት። ካልሆነ እኔ ጋ ትሄዳለች።»

«የት ነው የምትሄደው? ቤቷ እያለ!»

«ተቆጣ፣ ግን እሱ ነው። ሻንጣዋን ከመኪናዬ አላወርድም። መጀመሪያ ገብቼ ቤቱን አያለሁ።»

ስልኩን ዘጋና ቤቱን በምን እንደሚያሞቅ ማሰብ ጀመረ። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እንዳይገዛ ባለፈው ክረምት ሞክሮታል፤ ገና ሲሰካው የቤቱ አሮጌ ሽቦ ብልጭ አለና ከጎረቤት ጋር አብሮ ጨለማ ውስጥ ከተተው። የቀረው የእንጨት ምድጃ ብቻ ነው። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አባታቸው ያስገቡት የጭስ ማውጫ ቱቦ ጫፍ አሁንም አለ። ምድጃው ዝጎ ከተጣለ ወዲህ በጨርቅ ተወትፎ ይኖራል። ልብስ ሰፊው ጨርቁን ነቅሎ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና የቱቦውን አንገት ለካ። አርባ ሰባት። የደንበኞቹን ልክ በሚጽፍበት ደብተር፣ ከአንድ ወፍራም ሹፌር ሱሪ ሥር፣ «ምድጃ፦ አንገት 47» ብሎ ጻፈ።

ማክሰኞ ጠዋት ያገለገሉ ዕቃዎች ሻጩ ግቢ ሄደ። ምድጃዎቹ ከአሮጌ አልጋና ከተሰበረ ብስክሌት ጎን ተደርድረዋል። በእያንዳንዳቸው ላይ በጠመኔ ቁጥር ተጽፏል፤ 12፣ 15፣ 15፣ 18።

«የቱቦህን ልክ ይዘሃል?» አለ ሻጩ።

«ይዤ ነው እንጂ! አርባ ሰባት።»

ሻጩ መነጽሩን አወለቀ። «አርባ ሰባት ሳንቲ ሜትር?»

«አርባ ሰባት።»

«ቤት ነው የምታሞቀው ወይስ መርከብ?»

ልብስ ሰፊው ደብተሩን አሳየው። ተጽፏል፣ ምን ይደረግ። አጠገቡ ያለውን ምድጃ አየው። ዐይኑ «ይሄ እኮ ልኩ ነው» ይለዋል፤ በጠመኔ የተጻፈው ግን 15 ነው፤ ደብተሩ ደግሞ 47 ይላል። ሜትሩን ሊያወርድ እጁን ሲሰድ ሻጩ ፊት ነሳው፤ «ምን ትለካለህ፣ ተጽፎልህ የለም እንዴ?» አለው። ዕድሜ ልኩን ያመነውን ዐይኑን ትቶ ቁጥሩን አመነ። ሰው በማያውቀው ነገር ፊት ሲቆም የሚያውቀውንም ይረሳል መሰለኝ።

ሻጩ ግን ወሬ አላጠረውም። «ይሄ ላሜራ ነው፤ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎ ይበርዳል። ያኛው ወፍራም ብረት ነው፤ ለመሞቅ ያስለምንሃል፣ ከሞቀ ግን እስኪነጋ ይዞ ያድራል። ያንተ ቱቦ ግን ከአንዱም ጋር አይገጥምም።»

ከዚያ ብየዳ ቤት ሄደ። በያጁ ጭንብሉን ወደ ላይ ገፍቶ አርባ ሰባት የሚለውን ሰማና ጭንብሉን መልሶ አወረደ፤ የሚስቅበትን ፊት ለመደበቅ ነበር። ከጭንብሉ ሥር ሆኖ «እንዲህ ያለ ምድጃ ተሠርቶ አይሸጥም፣ እኔ ከሁለት በርሜል ልገጥምልህ እችላለሁ» አለው። «ግን በዚያ ስፋት ባለው ጭስ ማውጫ ሙቀቱ ሁሉ ተጠርጎ ወደ ሰማይ ነው የሚወጣው። ጫካ ብታነድበት አትሞቅም።»

«ታዲያ አባቴ እንዴት ሲያሞቁን ኖሩ?»

«እሱን አባትህን መጠየቅ ነበር።»

ማታ ጎረቤቱ፣ ጡረታ የወጣው ሹፌር፣ ባለ መስታወት በር እንዳይገዛ አስጠነቀቀው። የሹፌሩ ሚስት ባለ መስታወት ካልሆነ እሳቱን ምኑን ታየዋለህ አለች። ሸክላ ጡብ ውስጡ ካልተደረደረ ብረቱ ይሰነጠቃል አለ አንዱ፤ ጡብ ቦታ ይበላል አለ ሌላው። ልብስ ሰፊው የሁሉንም ጻፈ። ደብተሩ ውስጥ ምድጃው በር ያለውም የሌለውም፣ ወፍራምም ቀጭንም፣ ጡብ የተደረደረለትም ያልተደረደረለትም ሆነ። አንገቱ ግን አርባ ሰባት እንደሆነ ቀረ።

ረቡዕ ጠዋት መሥራት አቃተው። አንዱን እጅጌ ሁለቴ ገልብጦ ሰፋ። የእህቱን የስፌት መኪና፣ ላዩ ላይ የተጣለውን ጨርቅ፣ ባዶ ወንበሯን አየ። እዚያ ፎቅ ላይ ብትሄድ በወር አንዴ ነው የሚያያት፤ እሱም ከሆነለት። ስልኩን አንስቶ «ውሰጃት፣ አልቻልኩም» ሊል ነበር። ከመደወሉ በፊት ግን ቁርስ እንዳልበላ ትዝ አለውና ዳቦ ሊገዛ ወጣ። በሆዱ ያልቀለደ ሰው እንዲህ አንዳንዴ ይጠቀማል።

ዳቦ ቤቱ በር ላይ አንዲት ወረቀት ተለጥፋለች፤ «ያገለገለ የእንጨት ምድጃ ይሸጣል፣ ውስጥ ይጠይቁ።»

ዳቦ ጋጋሪዋ ክርኗ ድረስ ዱቄት የለበሰች፣ ምራቋን የዋጠች ሴት ናት። ልጇ ወዳለበት ቤት ልትገባ ስለሆነ የራሷን ምድጃ መሸጧ ነው። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ወዳለው ክፍሏ ይዛው ገባች። ምድጃው ጥቁር፣ አጭር፣ ሆዱ ሞላ ያለ፣ አራት እግሩ ላይ ደልደል ብሎ የተቀመጠ ነው። ልብስ ሰፊው በዚህኛው ላይ የተጻፈ ቁጥር ስላልነበረ ማንንም ሳይጠይቅ ሜትሩን አውርዶ አንገቱ ላይ ጠመጠመው።

«አርባ ሰባት!» ብሎ ጮኸ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አርባ ሰባት!»

«ምኑ?» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ።

«ቱቦው!»

«ቱቦው አሥራ አምስት ነው። ሟቹ ባለቤቴ ነው የገጠመው፣ አውቀዋለሁ።»

«እሜትዬ፣ ይኸው ሜትሩ! እዚህ ጋ ያንብቡ!»

ሴትዮዋ ሜትሩን አየች፤ እሱን አየች፤ ከዚያ ወጥታ አንድ ድፍን ክብ ዳቦ ይዛ ተመለሰች። በዳቦው መሐል ላይ ጣቷን ከዳር እስከ ዳር አሳለፈች። «ዳቦ የምጋግርበት ዕቃ ሠላሳ ነው ስልህ ይሄን ነው የምልህ። ከዚህ እስከዚህ። አንተ ዳቦ ስትገዛ ወገቡን ነው የምትጠይቀው?»

ልብስ ሰፊው ዳቦውን ሲያይ ቆየ። ሻጩ መነጽሩን ያወለቀበት፣ በያጁ ጭንብሉን የጣለበት፣ አባቱ ቤቱን እንዴት እንዳሞቁት መልስ ያጣበት፣ ሁሉም በአንዴ መጣበት። ጆሮው ጋለ። «ሃምሳ ዓመት ሰው ስለካ ነው የኖርኩት» አለ ቀስ ብሎ። «ሰው የሚለካው ዙሪያው ነው።»

«ምድጃ ሰው አይደለማ» አለችና ሳቋን ለቀቀችው። እሱም ሳቀ፤ ምን ያድርግ።

ከዚያ ወዲያ ቁም ነገር ተነጋገሩ። ዳቦ ጋጋሪዋ ከኪሱ ካወጣው ደብተር ላይ አንድ ገጽ ቀደደችና በምድጃው በር ላይ አድርጋ ዘጋችው፤ «ሳበው» አለችው። ወረቀቱ እምቢ አለ። «እሺ ካለህ በሩ አየር ያስገባል ማለት ነው፤ አትግዛ።» በየጎኑ ዞራ እንደዚያው አደረገች። በአንዱ ጥግ ብቻ ወረቀቱ ሸርተት አለ፤ ማጠፊያው ላልቶ ነው፤ በያጅ በአንድ ምት ይመልሰዋል አለች። ልብስ ሰፊው ጣቶቹን በብረቱ ላይ እንደ ጨርቅ አሳለፈ። ስንጥቅ አላገኘም። ትንሽ እንዳይሆን ብሎ ሲጨነቅ «ሁለት ክፍል አይደል?» አለችው። «ትልቅ ብትወስድ አፍነህ ነው የምታነደው፣ ያፈኑት እሳት ደግሞ ይጨሳል። ለታማሚ ይሄ ነው። ደረቅ እንጨት ብቻ ስጠው።» ከማክሰኞ ጀምሮ በስንት ሐሳብ የዞረ ጭንቅላቱ አንድ ነገር ላይ አረፈ።

ሐሙስ በያጁ መጥቶ ገጠመው። ማጠፊያውን አጥብቆ ሲጨርስ ቱቦውን መታ መታ አድርጎ «ጋሼ ሜትር፣ አርባ ሰባቱ የታል?» አለ። ይሄ ቀልድ ከሰፈር እንደማይወጣ ልብስ ሰፊው ገባው። ግን ምን ገዶት። እሳቱ ተያያዘ፣ ቱቦው ሳበ፣ ጭስ የለ፣ ምን የለ፣ ቤቱ ሞቀ።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ መኪናው በር ላይ ቆመ። እህቱ በልጇ ትከሻ ተደግፋ ገባች። የለበሰችው እሱ ራሱ የዛሬ ሦስት ዓመት የሰፋላትን ወፍራም ኮት ነው፤ ስድስቱም ቁልፍ እስከ አገጯ ተቆልፏል። ምድጃው አጠገብ ባስቀመጠላት ወንበር ላይ ተቀመጠች። የእህቱ ልጅ እጇን በአየሩ ላይ ዘረጋች፣ ግድግዳውን ዳሰሰች፣ አሸተተች። «አጎቴ፣ እውነትም ሞቋል» አለች፤ ሻንጣው ግን ገና መኪና ውስጥ ነው።

«እታለም፣ ኮትሽን አውልቂ እንጂ።»

«ይቆይ።»

እንጨት ጨመረ። የእህቱ ልጅ ጃኬቷን አወለቀች። ቆይታ ሹራቧንም አወለቀች። እህቱ ግን ኮቷን ይዛ ተቀምጣለች።

«አሁንስ?»

«ይቆይ አልኩህ፣ ይበርደኛል።»

ልብስ ሰፊው ግራ ገባው። በሩን ከፍቶ ዘጋው፣ ቱቦውን ዳሰሰና እጁ ተቃጠለ፣ ወረቀት ቀድዶ በሩ ላይ አድርጎ ሳበ፤ እምቢ አለው። ምድጃው ምንም አላጎደለም። ታዲያ ምንድን ነው? አሁንም አነሰ? ትልቁን መግዛት ነበረበት? የእሱ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፤ እሷ በርዷታል።

የእህቱ ልጅ ሰዓቷን አየች። «አጎቴ፣ ለፍተሃል፤ አይቻለሁ። ግን ይኸው፣ እያየሃት። መንገዱም ሩቅ ነው፣ ሳይመሽ ብንነሳ…» አለች። ድምጿ ውስጥ ክፋት የለም፤ የባሰውም ይኸው ነው።

ያኔ እህቱን ትክ ብሎ አያት። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። አንዲት ጠብታ በጆሮዋ ሥር ወርዳ ኮቱ ውስጥ ገባች። ኮሌታው ሲሰፋ በእሷ አንገት ልክ፣ አንድ ጣት ብቻ እንዲያሳልፍ ተደርጎ ነበር፤ አሁን ሙሉ እጅ ያስገባል። በሁለት እጇ ወደ ውስጥ ሰብስባ ይዛዋለች። የምታየው ምድጃውን አልነበረም። የምታየው የእሱን አንገት፣ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር ነበር።

ሆስፒታል ያለው ብርድ ልብስ ትዝ አለው። እስከ አገጯ።

አፉ ሊከፈት ነበር፤ የለመደበት አፉ። ጥርሱን ነክሶ ዘጋው። ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ፣ ጠቀለለው፣ የስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ ከተተውና መሳቢያውን ገፋው። ከዚያ ጀርባውን ለሁለቱም ሰጥቶ የስፌት መኪናው ጋ ተቀመጠ። «ይቺን እጅጌ ልጨርሳት፣ ገልብጬ ሰፍቻት ነው» አለ፤ መፍታትም ጀመረ። የሚፈታውን ክር አጥርቶ አላየውም።

ሁለት ስፌት እንደፈታ፣ ከኋላው ከባድ ጨርቅ ወንበር ላይ ሲያርፍ ሰማ። ያን ኮት በድምፁ ያውቀዋል።

የእህቱ ልጅ የመኪናዋን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ወጣች። የመኪናው ጀርባ ሲከፈት ተሰማ።

«ሞቀሽ?» አለ ልብስ ሰፊው፣ ሳይዞር።

«ኧረ በርዶኝም አያውቅ» አለችው እህቱ። «ዙር አሁን።»