ነጠላ የያዘው ወንበር

«በዚያ ዕድሜዋ ከባቡር ባቡር ስትንከራተት ከርማ፣ ታዲያ ምን ትሁን?»

እትዬ ፅጌ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸው ነው እንጂ፣ የአሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ ሳሎን ውስጥ ሹክሹክታ የት ይደበቃል? ሃኒ ቁጭ ባለችበት ሰማቻቸው። የእናቷ ታናሽ እህት ናቸው። ከእናቷ ቀብር ወዲህ በየቀኑ ከጎረቤት ከተማ ከአሌክሳንድርያ እየነዱ ይመጣሉ፤ ለለቀስተኛው ሁሉ ይህንኑ ይናገራሉ። ሃኒ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። «እግዜር ያጽናሽ» ሲሏት ራሷን ትነቀንቃለች፣ ውሃ ሲሰጧት ትጠጣለች። ሰውነቷ የሌላ ሰው ሆኖባታል። እውነት እኔ ገድያት ይሆን? ከዚህች ሌላ ሐሳብ አልነበራትም።

እናቷ የዓለምዘርፍ ከሃኒ ጋር ከአውሮፓ በተመለሱ በሁለተኛው ሳምንት እንደተኛች ቀረች። ሐኪሙ የቆየ የልብ ሕመም ነው ብሏል። ሐኪሙ ግን እትዬ ፅጌን አያውቃቸውም።

የዓለምዘርፍ እዚያው አጠገብ ቤተዝዳ ውስጥ በሞግዚትነት የሰው ልጅ ስታሳድግ ነው የኖረችው። ትምህርት ሲዘጋ በየሰመሩ አሠሪዎቿ አውሮፓ ሲሄዱ ሻንጣቸውን የምትሸክፈው እሷ፣ አበባቸውን የምታጠጣው እሷ። ጡረታ እንደወጣች ሃኒን ጠርታ፣ «በይ አሁን የእኔን ሻንጣ ሸክፊልኝ» አለቻት። ሃኒም አንዴ ከተገዛ አገር ላገር የሚያሳፍር የባቡር ፓስ ገዛች፣ ያውም ርካሹን። ሆቴል ልትይዝ ስትል እናቷ ከለከለቻት።

«የሚሄድ ወንበር ላይ መተኛት እየተቻለ፣ ለቆመ አልጋ ምን አስከፈለን?»

ፓሱ ወንበር አያስይዝም፤ የቀደመ ይቀመጣል። ሮም ላይ የባቡሩ በር ሲከፈት፣ ቤት ውስጥ «ጉልበቴን» ስትል የምትውለው ሴትዮ ሰዉን በክርኗ ሰንጥቃ ገባች። አንዱ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ሌላው ላይ ነጠላዋን ጣለች። ሱፍ የለበሰ ፈረንጅ መጥቶ ወንበሩን ቢጠይቃት፣ ልክ መርካቶ ታክሲ ውስጥ እንዳለች በአማርኛ «ሰው አለው» አለችው። ሰውዬው ገብቶት አለፈ። ሻንጣ እየጎተተች የደረሰችው ሃኒ በሳቅ ፍርስ አለች። እስከ ቪየና፣ እስከ ፓሪስ እንዲሁ ሆነ፤ ሃኒ ውሃ ልትገዛ ብትወርድ እንኳ ተመልሳ ቦታዋን አጥታው አታውቅም።

«እትዬ ፅጌ» አለች ሃኒ ድንገት። «እኔ ነኝ የገደልኳት?»

 እትዬ ፅጌ መሀረባቸውን ማጠፍ ያዙ።

«እንደሱ አልወጣኝም።»

«ብለዋል። ይኸው ስንት ቀን ሲሉ ሰማሁ። እዚያ እንዴት እንደነበረች ግን አንድም ቀን አልጠየቁኝም።»

ነገረቻቸው። ስለ ክርኗ፣ ስለ ፈረንጁ፣ ስለ «ሰው አለው»። ገና ካልተፈታው የእናቷ ሻንጣ ነጠላውን አውጥታ ሰጠቻቸው።

«የዓለምዘርፍ? ባስ ላይ ወራጅ ለማለት የምታፍረዋ እህቴ?»

ሳቅ አመለጣቸው። ሳቁ ሳያልቅ እንባ መጣ፤ ነጠላውን አፋቸው ላይ ይዘው ተንሰቀሰቁ።

«እኔንስ ለምን ይዛኝ አልሄደችም?»

 ለካ ይሄ ኖሯል ሲያንገበግባቸው የሰነበተው። ሃኒ እጃቸውን ያዘች። ሲረጋጉ ነጠላውን በሁለታቸው መሀል ባለው ባዶ ወንበር ላይ አኖሩት።

አመሻሽ ላይ ከዚያው አካባቢ ከዊተን የእናቷ የጽዋ ማኅበር ሰዎች ገቡ፤ ወንበር ጠፋ። አቶ ዋለልኝ የሚባሉ ሽማግሌ ዙሪያውን ቃኝተው መሀል ያለውን ወንበር መደገፊያ ያዙ።

«ይቅርታ፣ ሰው አለው?»

 እትዬ ፅጌ እጃቸውን ነጠላው ላይ አሳረፉ።

«ሰው አለው» አሉ።

አቶ ዋለልኝ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ግድግዳው ሄደው ቆሙ። ሃኒ ጎንበስ አለችና፣ ወለሉን የነካውን የነጠላውን ጫፍ አንስታ ወንበሩ ላይ መለሰችው።