በሣር የሸፈንኩት ጉድጓድ

ልጆቼ፣ ይህን ሳወራችሁ ቀና ብዬ አላያችሁም፤ ታገሡኝ።

ያን ወር የሚካኤል ማኅበር እኔ ቤት ነበር። ደብረ ታቦር ካለው ግቢዬ ጓሮ አንድ አሮጌ የሽንት ቤት ጉድጓድ አለ። አዲሱን ሳስቆፍር እሱን አልደፈንኩትም፤ ቆርቆሮ ጣል አድርጌበት ተውኩት። ባለቤቴ ጥሩወርቅ፣ "ኧረ አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን ሰው ይገባበታል" ስትለኝ፣ "ነገ" እላታለሁ። የማኅበሩ ዕለት የቆርቆሮው ዝገት አስቀየመኝ። እንግዳ እንዳያየው ብዬ ለምለም ሣር ጎዘጎዝኩበት። አማረ።

የማኅበርተኛችን ልጅ ዝናሽ ከጅዳ ከተመለሰች ገና ሦስት ወሯ ነበር። እናቷን ስላመማቸው በሳቸው ፋንታ መጣች። ጠላ ቢቀዳላት፣ "መድኃኒት ላይ ነኝ" ብላ ከጽዋው አንድ ጉንጭ በቀር አልቀመሰችም። እጇን ልትታጠብ ወደ ጓሮ ስትወጣ ቆርቆሮው ሲሰበር ቤት ድረስ ተሰማን። በገመድ ስናወጣት እግሯ ተሰብሯል።

በሳምንቱ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፈውን ደሳለኝን አማከርኩት።

"አያ ይሻው፣ ግቢው የእርስዎ ነው። አላወቅሁም ቢሉ እንኳ ይጠየቃሉ።"

"መውጫ የለውም?"

"ጥፋቱ የራሷ ከሆነ ነዋ። ሰክራ ከነበረ፣ ለምሳሌ።"

እሱ ለምሳሌ ነው ያለው። እኔ ወጥቼ ለጎረቤቴ፣ "ጠላው በዝቶባት ነበር" አልኩት። ከዓረብ አገር የመጣች ናትና ሁሉም ለማመን ቸኮለ። "እዚያ ምን ለምዳ እንደመጣች ማን ያውቃል?" ተባለ። ይፋግ ከተማ ያሉት፣ ለልጃቸው ሊያጯት ሽማግሌ የላኩት ሰዎች፣ ነገሩን ትተነዋል ብለው ላኩ።

ይህን ስሰማ ልጠይቃት ሄድኩ። እግሯ በጄሶ ታስሯል።

"ይግቡ አያ ይሻው። አይፍሩ፣ የኛ ደጅ ጉድጓድ የለውም።"

"ልጄ፣ ማሳከሚያውን እኔ…"

"እሱንማ ሕጉም ያስከፍልዎታል። እግሬም ይድናል። ከጽዋው በኋላ ጠላ ቀድቶ ያጠጣኝ ማን ነበር?"

"ማንም።"

"ለኔ ምን ይነግሩኛል? እኔማ አውቀዋለሁ።"

በሚቀጥለው ማኅበር፣ ቄሱ ጸሎቱን እንደጨረሱ ተነሣሁ።

"ዝናሽ አልሰከረችም። ጉድጓዱ ክፍት መሆኑን፣ ቆርቆሮው መዛጉን አውቅ ነበር። ሣር የጎዘጎዝኩበትም እኔ ነኝ። ሰከረች ያልኩት እንዳልጠየቅ ብዬ ነው።"

"አይ ይሻው!" አለ አንዱ። ጥሩወርቅ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ይቅር ይበልህ የሚለኝ ሰው ስጠብቅ፣ የዝናሽ እናት ከጥግ ተናገሩ።

"እዚህማ ዘመድ ነን። ይፋግ ሄደው ይበሉልኝ።"

በማግስቱ ወረድኩ። ደጃቸው ቆሜ "ቤቶች!" ብዬ ተጣራሁ። የልጁ አባት ወጡና፣ "ደኅና መጡ፣ ምን ልታዘዝ?" አሉኝ።

ቆሜ ነገርኳቸው።