አሥራ አንድ ሚሊሜትር

ቱሪድ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል ለባሏ ደወለች። ትናንት ቀኑን ሙሉ ሁለት ሚሊሜትር ብቻ የሰፋው የተራራው ስንጥቅ፣ ዛሬ ከጠዋት እስከ ቀትር አሥራ አንድ ሰፍቷል። ሦስት ቀን ያላባራው ዝናብ የተራራ መከታተያ መሥሪያ ቤቱን መስኮት ይደበድባል። ከተራራው ሥር፣ በተራሮች መካከል በገባው ጠባብ የባሕር ሰርጥ፣ በፊዮርዱ ዳር፣ አርባ ቤቶች አሉ፤ አንዱ የእሷ ነው። እሷ ያለችበት ግን የሁለት ሰዓት መንገድ ይርቃል።

"ኤይቪንድ፣ ሱኒቫን ይዘህ ውጣ።"

"ደግሞ ጀመረሽ?" ከጀርባው የሳህን ኳኳታ ይሰማል፤ በእንግዳ ማረፊያቸው የምሳ ሰዓት ነው። "ባለፈው መከር ተራራው ይናዳል ብለሽ አገሩን አተራምሰሽ አንዲት ጠጠር አልወደቀችም። ዛሬ ሠላሳ ሰርገኛ ሾርባ እየጠበቀ ነው!"

"ቁጥሩ ያኔ እንዲህ አልነበረም።"

"ቁጥርሽን ተይው! ለገና ሥራውን ለቅቄ ወጥ ቤቱን እይዛለሁ ያልሽው የት ገባ?"

እውነቱን ነው፣ ብላው ነበር። የመልቀቂያ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ ጽፋ ሦስት ጊዜ ቀዳዋለች። ስንጥቁ አፋፍ ላይ ስትቆም የማንም ሚስት፣ የማንም እናት እንዳልሆነች፣ ያንንም እንደምትወደው ለማን ይነገራል?

"ማስጠንቀቂያው ሲጮህ ሁሉም ይወጣል" አለችው።

"ይውጣ። እኔና ልጄ ንቅንቅ አንልም። የገዛ ቤተሰቧ እንኳ አላመናትም ይባል!" ጆሮዋ ላይ ዘጋው።

የመንደሩን የማስለቀቂያ ትእዛዝ ፈረመች። ከዚያ ካለፈው መከር ወዲህ ሰላምታ ለነፈገቻት ለአማቷ ደወለች።

"እማማ ጉድቬግ፣ እኔ ነኝ። ሱኒቫን ይዘው ሰው በሚያወጣው አውቶቡስ ላይ ይውጡልኝ። ኤይቪንድ እምቢ ብሏል።"

"ከተራራው የሚወርደው የምንጭ ውሃ ከጠዋት ጀምሮ ጭቃ ነው፤ እውነትሽን ነው" አለች አሮጊቷ ቀስ ብላ። "ልጅቷስ እኔው ዘንድ ናት፤ አወጣታለሁ። የእኔስ ልጅ?"

ቱሪድ ስክሪኑን አየች። አሥራ ሦስት።

"ከመንደሩ መውጫ ያለውን ድልድይ እንደተሻገራችሁ ይደውሉለት። ሚስትህ ልጅህን ሰርቃ ልትጠፋ ነው ይበሉት። ለተራራው ባይወጣ ለእልሁ ይወጣል።"

"ዕድሜ ልኩን ይቅር አይልሽም እኮ፣ ልጄ።"

"አውቃለሁ። አሁን ጫማዋን ያድርጉላት።"