ሱባኤ የገባው እጮኛዬ

እጮኛዬ ዲያቆን አካለ ወልድ ከእግዚአብሔር ጋር የሚነጋገረው ፊት ለፊት ነው። እኛ ተራው ሕዝብ ጸልየን፣ ተስለን፣ ደጅ ጠንተን ዓመት ሙሉ እንጠብቃለን፤ እሱን ግን ገና ዓይኑን ሳይጨፍን ውስጡ ይነግረዋል። «ውስጤ ነገረኝ» ካለ አለቀ፣ ይግባኝ የለውም። ባለፈው ክረምት በዚያ ብርድ ማሕሌት ሊቆም ተነሥቶ ውስጡ «ዛሬ ዕረፍ» ስላለው ተመልሶ ተኛ። ያ ድምፅ አንድም ቀን «ተነሥ» ብሎት አያውቅም።

እኔ ወለተ ሐዋርያት እባላለሁ፤ ደብረ ማርቆስ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ጥር ላይ ልንጋባ ነበር፣ ያውም በቁርባን። የቁርባን ጋብቻ ደግሞ ሞት ካልሆነ በቀር አይፈታም። አካለ ወልድ ቅስና ሊቀበል ነው፤ ዲያቆን ሳያገባ ስለማይቀስስ ተቻኩሏል። ሮብ ገበያ አጠገብ ያለው የአገሩ ደብር ካህን ይፈልጋል፣ ካህኑ ሚስት ይፈልጋል፣ ሚስቲቱ ምን እንደምትፈልግ የጠየቀ ግን የለም።

ያልተስማማነው በሥራዬ ነበር። እኔ ማስተማሬን አልተውም አልኩ፤ እሱ የቄስ ሚስት ከባሏ ደብር አትርቅም አለ። «በቃ ሱባኤ ልግባና ጌታ ይፍረደን» አለኝ። ጌታማ አያዳላም ብዬ እሺ አልኩ።

ገዳም ገብቶ ሰባት ቀን ጥሬ ሽምብራና ውሃ ብቻ ሊቀምስ ተሰናበተኝ። በአራተኛው ቀን በራችን ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«ምነው፣ አመመህ እንዴ?»

«መልሱ ቶሎ መጣ።»

«ጌታ ነው የቸኮለው ወይስ ሽምብራው?»

አልሳቀም። ውስጡ የነገረውን ዘረዘረልኝ፦ ሥራዬን እለቃለሁ፣ ሮብ ገበያ እገባለሁ፣ እናቱን እጦራለሁ። አባቴ ቃል የገቡለት ጥንድ በሬም ቀርቶ ባጃጅ ቢሆን ይሻላል።

«ጌታ ስለ ባጃጅ ተናገረ?»

«ውስጤ ነው የነገረኝ።»

«ቀለሙንስ አልነገረህም?»

እማዬ ከጓዳ እየሰማች ነበር። «እግዚአብሔር የተናገረውን የምትመልሽ አንቺ ማን ነሽ!» ብላ ተቆጣችኝ። ባጃጁን ማን እንደሚገዛ ግን እሷም አልጠየቀች።

እውነቱን ልናገርና፣ እኔም ውስጥ አለኝ። ከሽምግልናው ቀን ጀምሮ «አይሆንም» ይለኛል። አካለ ወልድ «ቤታችን» ባለ ቁጥር ይደግምልኛል። እንግዲህ የዲያቆን ውስጥ ከእግዚአብሔር ከሆነ የኔው ከሰይጣን መሆን አለበት ብዬ ጠበል ጠጣሁበት። ጠጥቶ ባሰበት።

ለቁርባኑ ንስሐ መግባት ግድ ነውና ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ፣ መምሬ አምደሚካኤል ዘንድ።

«አባ፣ ሰይጣን ተፈታተነኝ» አልኳቸው።

«ምን ይልሻል?»

«አካለ ወልድን አታግቢ ይለኛል።»

በጭራቸው ዝንብ አባረሩ። «ሌላስ? ስረቂ፣ ዋሺ፣ ሰው እሚ ይልሻል?»

«ኧረ እሱስ አይለኝም።»

«ታዲያ ይኼ ምን ዓይነት ሥራ ፈት ሰይጣን ነው?»

ልስቅ ብዬ አለቀስኩ። እሳቸው እስክጨርስ ጠበቁኝ። «አግቢም አታግቢም አልልሽም፣ ልጄ። እሺ ብለሽ የምትቆርቢው አንቺ፣ ዕድሜሽን የምትኖሪውም አንቺ» አሉኝ። ቀጥ ያለ ትእዛዝ ጠብቄ ነበርና ተናደድኩባቸው።

በማግስቱ አካለ ወልድን ጠራሁት። «እኔንም ውስጤ ነገረኝ» አልኩት።

«እሰይ! ምን አለሽ?»

«አይሆንም አለኝ።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «እሱማ ያንቺ ስሜት ነው። ከላይ የሚመጣው የኔ ነው!»

«የኔስ ከየት ነው የሚመጣው፣ በአውቶቡስ ከደጀን?»

ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠና ከመጀመሪያውም ሚስት የምትሆነው እኔ እንዳልሆንኩ ውስጡ ነግሮት እንደነበር አስታወቀኝ። ጌታን በቆመበት ሐሳቡን አስለወጠው ማለት ነው። ጥር ሳያልፍ ሂዊ የምትባል የሉማሜ ልጅ አገባ፤ እሷንም ውስጡ ነው የመረጠለት። የሠርጉ ዕለት እኔ የፈተና ወረቀት አርማለሁ ብዬ በሬን ዘጋሁ። አንድም ወረቀት አላረምኩም።

አብራኝ የምታስተምረው ትንቢት ደግሞ ነገር መመርመር ትወዳለች። «እሺ የእሱስ የሆዱ ነው እንበል» አለችኝ አንድ ቀን፣ «ያንቺው የራስሽ ድምፅ አለመሆኑን በምን አወቅሽ?»

እንደ ልማዴ አሽሟጥጬ ላልፋት አፌን ከፈትኩ፤ ሽሙጡ እንቢ አለኝ።

«የራሴ ቢሆን ኖሮ» አልኳት፣ «አግቢው ነበር የሚለኝ። እወደው ነበር እኮ።»