ከሞዴሱ ጎን

ፋርማሲስቷ የሰደበችኝ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ልክ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሦስት ደንበኞች ቆመው ነበር። አንተ ከካርቶን ውጪ ምን ታውቃለህ አለችኝ። አንዱ ደንበኛ ሳቀ። ጥርሱ ሽራፋ ነው፤ እሱንም አልረሳሁትም።

እርግጥ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ዕቃ አወርዳለሁ፣ እደረድራለሁ። የሚደረድር ሰው ግን ዓይን የለውም ያለው ማነው? ኮንዶሙ ከእሷ ጀርባ መስታወት ውስጥ ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው፤ የፈለገ ጮክ ብሎ ይጠይቃል። ወንዶቹ እየተሳሳቁም ቢሆን ይጠይቃሉ። ሴቶቹ መስታወቱን ሰረቅ አድርገው ያዩና ፕላስተር ገዝተው ይሄዳሉ። በሰፈራችን ደግሞ የቆሰለ ሰው ያን ያህል የለም።

ባለፈው ሳምንት ፀጉር ሠሪዋ የእህቴ ልጅ ሁለት ቀን ተመላልሳ ሁለት ፕላስተር ገዛች። በሦስተኛው ቀን በር ላይ ቆማ ለጓደኛዋ ስታወራ፣ እኔ ከዕቃው ጀርባ መኖሬን አላወቀችም። ቅዳሜ ማታ እጮኛዋ ጋ ትሄዳለች። ኮንዶም መያዝ ትፈልጋለች፤ ከቦርሳዋ ስታወጣ ግን ልማዷ ነው እንዳይላት ትፈራለች። ራሱ እንዲገዛ ብትነግረው ደግሞ አታምኚኝም ወይ ብሎ አኩርፏል።

«ያኮረፈ ይታረቃል» አለች ጓደኛዋ። «በሽታን ማን ያስታርቅሻል?»

«እሱስ ይሁን፣ እኔ ራሴ እይዛለሁ። ሴትዮዋን መጠየቁ ነው የገደለኝ። እናቴን ታውቃታለች እኮ።»

አጎት እንዲህ ያለውን ሰምቶ እንዳልሰማ ነው የሚሆነው። ምን ብዬ ልምከራት? ቅዳሜ ጠዋት ፋርማሲስቷ ሳትገባ አዲስ የመጣውን ኮንዶም በሩ አጠገብ፣ ከሞዴሱ ጎን ደረደርኩት። ዋጋ ለጠፍኩበት። ማንንም ሳይጠይቁ አንስቶ፣ ከፍሎ መሄድ ነው።

ልጅቷ ከሰዓት በኋላ መጣች። ፕላስተሩን አለፈችው። ሞዴስ አነሳች፣ ሳሙና አነሳች፣ መሀላቸው አንድ ፓኬት ሸጎጥ አድርጋ ተሰለፈች። ገንዘብ ተቀባይዋ እንደሆነች ዓይኗ ከማሽኑ አይነሳም። ከፊቷ አንድ ሰው ብቻ ቀረ።

ይኼኔ ፋርማሲስቷ መደርደሪያውን አየች።

«ይኼን እዚህ ያመጣው ማነው? ስሙን መጻፍ የሚያንቀው ሰው ደግሞ መድኃኒት ቤት ሊያስተዳድር?»

ሰልፉ ዞረ። መልስማ ነበረኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ስስለው የኖርኩት። አፌን ከከፈትኩ ግን ምን እንዳመጣሁ፣ ማን እንዳነሳ መወራቱ አይቀርም። ልጅቷ ዕቃዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ ፓኬቱን ልትመልሰው አንድ እግሯን አንስታለች።

በሱቁ መሀል ቀስ ብዬ፣ ለሁሉም እየታየሁ፣ ወደ ጓዳው ሄድኩ። የሰልፉ ዓይን በሙሉ እኔን ተከተለ፤ ልጅቷን ያያት አልነበረም።